ጭስ ያልወጣበት ጠዋት

ጭሱን ሊያዩ የመጡት ሁለት መኪኖች በራችን ላይ ሲቆሙ ቀና ብዬ ወደ ማዶ አየሁ። ብረት የሚያቀልጠው ፋብሪካ ጭስ ማውጫ እንደ ትናንቱ ደርቆ ቆሟል።

የባለቤቴ የአገርነሽ ሐኪም፣ ይህ ጭስ ካልቆመ ክረምቱን አትዘልቅም ብሎኛል። የካራው ወረዳችን ፋብሪካው ከወሰናችን ውጪ ነው ይላል፤ የማዶው ከተማ ደግሞ ጭሱ ወደ እናንተ ነው የሚነፍሰው፣ ከእኛ ነዋሪ ቅሬታ የለም ይላል። ወሰኑ ወንዙ ነው። በበጋ ዶሮ ትሻገረዋለች፤ የእኔ ማመልከቻ ግን ሁለት ዓመት ፈጀበት።

በመጨረሻ ተስማሙ። የጋራ ኮሚቴ አቋቁመው፣ ለጉብኝቱ በሁለት ማኅተም አንድ ደብዳቤ ጻፉ። ግርጌው ላይ «ግልባጭ፦ ለፋብሪካው» የሚል መኖሩን ልብ ያልኩት ገና አሁን ነው። ኮተቤ ሠላሳ ዓመት ሳስተምር፣ እስከ መጨረሻው መስመር አንብቡ እያልኩ ተማሪ የገረፍኩ ሰው ነኝ።

ከወረዳችን የሥራ ሂደት ባለቤቱ አካሉ፣ ከማዶ ጉደታ፣ አንተ ቅደም አንተ ቅደም እየተባባሉ ገቡ። አገርነሽ ነጠላዋን አስተካክላ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣለች። ፋብሪካው ከትናንት ጀምሮ ስለቆመ፣ ከሦስት ወር በኋላ ሌሊቱን ጋደም ብላ ያደረችው ገና ዛሬ ነው።

«እማማ፣ እንዴት ነዎት? ጤናዎ እንዴት ነው?» አላት ጉደታ።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» አለች።

ጉደታ ጻፈው።

እናንተ ስለምትመጡ ነው ያጠፉት፣ ነገ ጎሕ ሲቀድ ደብዳቤ ሳትጽፉ ኑ ብዬ ለመንኳቸው።

«ጋሼ፣ ኮሚቴው የሚጽፈው ያየውንና የሰማውን ነው» አለኝ አካሉ፣ በትሕትና።

ቃለ ጉባኤው ተነበበ። ጭስ አልታየም፤ ነዋሪዋም ጤነኛ መሆናቸውን በራሳቸው አንደበት አረጋግጠዋል፤ ቅሬታው ተዘግቷል። ሁለቱም ፈረሙ፣ ተጨባበጡ። ወረዳና ከተማ እንዲህ ሲዋደዱ አይቼ አላውቅም።

ሲሄዱ ወደ አገርነሽ ዞርኩ። ምን እንዳደረገች ገብቷታል።

«ታዲያ ምን ልበላቸው?» አለች። «ሰላምታ እኮ ነው የጠየቁኝ።»

የመኪኖቹ አቧራ ሳይሰክን ከማዶ ጥቁር ጭስ ቀጥ ብሎ ወጣ፣ ከዚያ ወደ እኛ ጎበጠ። መስኮቱን ልዘጋ ተነሳሁ።

«ተወው» አለችኝ። «እስኪደርስ ድረስ ልተንፍስ።»

እጄን መስኮቱ ላይ እንዳደረግኩ፣ ጭሱ ወንዙን እስኪሻገር ጠበቅኩ።