ያልረጋው ወተት

«ይኸው! ዛሬም አልረጋም!» አሉ ወይዘሮ አስካለ፣ የማሰሮውን ክዳን ጠረጴዛው ላይ ወርውረው። ለእርጎ ብለው ካስቀመጡት ሳምንት ሊሞላው ነው፤ ያው ወተት ነው። የከተማው ቤት ሁሉ ጀርም እንዲገድል ከታወጀ ወዲህ ግድግዳው ሌት ተቀን ሲያጸዳ ይውላል፤ ወተት የሚያረጋውን ደግ ጀርም ከክፉው አይለይም።

ልጃቸው ሰብለ የሚነጫነጨውን ሕፃኗን ታቅፋ ትንጎራደዳለች። ከተወለደ ጀምሮ ሆዱ ረግቶለት አያውቅም። ሐኪሙ «ሆዱ የሚያስፈልገውን ጀርም አላገኘም፤ እርጎ አቅምሱት» ብሏል።

«የት የረጋውን ነው የምናቀምሰው?» ጮኹ ወይዘሮ አስካለ።

ግድግዳው በለስላሳ ድምፅ ጣልቃ ገባ። «የልብ ምትዎ ጨምሯል። እባክዎ ይረጋጉ።»

«እኔን ተወኝና ወተቱን አርጋ!»

ማሰሮውን በአንድ እጃቸው አንጠልጥለው፣ ሕፃኑን ከእናቱ ተቀብለው በሩን በክርናቸው ገፉት።

«እማዬ፣ ወዴት ነው? ልጄ ሲመለስ እኮ ቤቱ ከውጭ ያገኘውን ሁሉ ያጸዳበታል!»

«ማን ይመለሳል አለሽ?» አሉ ወይዘሮ አስካለ ሳይዞሩ። «ሁለቱም የሚረጉት ገጠር፣ እኔ ቤት ነው።»