የትምህርት ቤቱ አውጫጭኝ

ትምህርት ቤቱ ተቃጠለ። ከዲማ ገዳም በላይ ካለው ደጋ፣ ሰበካው ድንጋይ ተሸክሞ የሠራው ቤት አመድ ሆነ።

ማን እንዳቃጠለው የብርጓል አልጠፋትም። ለማንም አልጠፋም። ጭቃ ሹሙ ፈንታ ነው። የጣሊያን ካፖርት ለብሶ ደብረ ማርቆስ የሚመላለስ ሌላ ማን አለ?

ነገሩ የጀመረው በጾሙ መግቢያ ነበር። ፈንታ ከደብረ ማርቆስ ተመልሶ ሽማግሌዎቹን ሰበሰበ።

"ቤቱን ለወታደር ይፈልጉታል" አለ። "ከፋሲካ በፊት ይገባሉ።"

"ልጆቹስ?" አለች የብርጓል። ባሏ ከሞተ ወዲህ በሸንጎ የምትቀመጠው በእሱ ቦታ ነው።

"ከተማ ሄደው ጣሊያንኛ ይማሩ ተብሏል።"

"የኔው ልጅ ዳዊት ጀምሯል። ማን ነው ወደ ኋላ የሚመልሰው?"

"እኔን አትቆጪኝ። እኔ አፍ ነኝ፤ የተባልሁትን ነው የምናገር።"

"አፍማ ነህ። ስትበላ እናይሃለን።"

ሰው ሳቀ። ፈንታ አልሳቀም።

ሽማግሌዎቹ መከሩና ቤቱ ለልጆቹ ይቅር ብለው ለመለመን ቆረጡ። አንጋፋው አያ ደምለውና መምህሩ የኔታ አካለ ወልድ ማር አስይዘው ደብረ ማርቆስ ሄዱ። ከጣሊያኑ ሹም በር ላይ ፀሐይ ሲመታቸው ዋለ። ማሩ ገባ፤ እነሱ አልገቡም። ደግመው ሄዱ። በመጨረሻ አስተርጓሚው ወጥቶ፣ ቤቱ ከኮረብታ ላይ ስለሆነ ለመትረየስ ይመቻል፣ ነገሩ አልቋል አላቸው።

"ሰበካው በሙሉ ከኮረብታው ሥር ነው" አሉ አያ ደምለው ሲመለሱ። ሰውም ደክሞት ነበርና ምን እናድርግ ብሎ አልጠየቀም።

ወታደሮቹ ሊገቡ ሲሉ ቤቱ ነደደ።

መጻሕፍቱ መትረፋቸው የሚካኤል ሥራ ነው አለች የብርጓል። ጣሪያው ያፈሳል ተብሎ በዚያው ሳምንት ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ቤት ባይዛወሩ ኖሮ አንድም አይተርፍም ነበር። የኔታም ቢሆኑ ከዚያው ከትምህርት ቤቱ ነበር የሚያድሩ። ሱባኤ ይግቡ ተብለው ዲማ ባይወርዱ ኖሮ አብረው ይነዱ ነበር፤ እንቅልፋቸው ከባድ ነው።

ከዲማ ሲመለሱ ግን ወታደሮች መንገድ ላይ ያዟቸው። ወሬውን ያመጣው ያው ፈንታ ነው።

"ያቃጠለው ሰው ከወጣ የኔታ ይፈታሉ። ካልወጣ ዓርብ ይሰቅሏቸዋል።"

"አንተ እያለህ ሰው ይፈለጋል?" አለች የብርጓል።



አውጫጭኝ ተጠራ። ሰበካው ከመስክ ይሰበሰባል። ያየ ወይም የሰማ ቃል ለሚቀበለው ሰው፣ ለአስማዩ፣ በጆሮው ይነግራል፤ ከዚያ ምሎ ወደ ማዶ ያልፋል። አስማዩም ቢሆን፣ ያልማለ አያልፍም። በአገሩ ልማድ እጁ ያለበት ሰው መሐላው ከጉሮሮው ይቀራል።

አስማዩ እንደ ወትሮው አያ ደምለው ናቸው። ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው ከመስኩ መካከል ቆሙ። ሰሞኑን ሐዘን አለብኝ ብለው ጺማቸውን ተላጭተዋል። የማን ሐዘን እንደሆነ የጠየቀ የለም። በዚያ ዓመት ሐዘን የሌለበት ቤት አልነበረም።

ሰው ሁሉ በጆሯቸው ያንኑ ስም ነገራቸው። እሳቸውም ለሁሉም አንድ መልስ ነበራቸው።

"በዓይንህ አይተሃል?"

"አላየሁም።"

"እንግዲያስ ማል።"

የብርጓል ተራዋ ሲደርስ በጆሮ መንገር አልፈለገችም።

"አያ ደምለው፣ ምን ይጠብቃሉ? ይስጡትና የኔታ ይምጡ።"

"አይተሻል?"

"ካፖርቱን ማየት አይበቃም?"

"ካፖርት እሳት አይጭርም፣ ልጄ።"

"ፈሩት እንዴ?"

"ፈርቻለሁ" አሉ አያ ደምለው። "ሰውን በሐሰት አሳልፎ መስጠት ያስፈራል። በይ ማይ።"

ማለች። እየተናደደች ወደ ማዶ አለፈች።

ፈንታ መጨረሻ ቀረ። ካፖርቱን አውልቆ ከሣሩ ላይ ጣለው። ውስጡ እንደማንም ሰው እጀ ጠባብ ነው። ይንቀጠቀጣል ብሎ ሰው ጠበቀ። አልተንቀጠቀጠም።

"ያን ቤት አቃጥዬ እንደሆነ፣ ሲቃጠል አይቼ ዝም ብዬ እንደሆነ፣ ሚካኤል ዘሬን ይንቀለው።"

"መሐላ በላ!" አለ አንድ ሰው ከማዶ።

"ድንጋዩን የእናንተ ብቻ አስመሰላችሁት" አለ ፈንታ። "እኔም ተሸክሜያለሁ።"

"ምሏል፤ ይለፍ" አሉ አያ ደምለው።

ፈንታ ካፖርቱን አንሥቶ አለፈ። ከአጠገቡ ሰው ሸሸ። እንግዲህ የሚሰጥ ሰው የለም፤ ዓርብ ደግሞ ተነገ ወዲያ ነው።

"የኔታን ገደልናቸው" አለች የብርጓል።

"የኔታ ይመጣሉ" አሉ አያ ደምለው ከወዲያ ሆነው። "አንቺ ልጆቹን ሰኞ ከደጀ ሰላሙ ሰብስቢ። ቤት ባይኖር ጥላ አለ።" ከዚያ ወደ ፈንታ ዞሩ። "ነገ ደብረ ማርቆስ ስትሄድ ጥራኝ። አብረን እንሄዳለን።"

ፈንታ አተኩሮ አያቸው።

"አያ፣ ይቅርብዎት" አለ።

"ጥራኝ አልሁህ።"

"እሺ።"

ደግሞ ለልመና ሊሄዱ ነው አለች የብርጓል በልቧ። ማሩም አልቋል፣ ሰውም ደክሟል። ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ቤቷ ልትሄድ ስትል ዞር ብላ መስኩን አየች።

ሰበካው በሙሉ ምሎ አልፏል። ከወዲያ ሳይምሉ የቀሩት አስማዩ አያ ደምለው ብቻ ነበሩ።