የእንግሊዙ መቃብር

የቀበሌው ሰዎች በየዓመቱ ሚያዝያ 27 በጠላት ጊዜ እዚህ ወደቀ በተባለው እንግሊዛዊ አዛዥ መቃብር ላይ ጉንጉን አበባ ሲያኖሩ፣ አንዲት የቀበሌው ሴትዮ አንጀቷ ይቃጠላል። አዛዡን መንገድ እየመራ ገደሉን ያሻገረው አባቷ ነበር። እንደወጣ አልተመለሰም፤ ስሙን የሚያነሳም የለ።

«ለአባቴስ አንዲት አበባ ብታኖሩ ምናለ?» አለች ዘንድሮም ሊቀመንበሩን።

«እትዬ፣ መቃብር ለሌለው ሰው ምኑ ላይ እናኑርለት?»

«እግዜር ያሳይህ! ለፈረንጅ ሲሆን ግን እጃችሁ ይፈታል።»

ሰዉ ሳቀባት። ዘንድሮ ታዲያ የአዛዡ ልጅ፣ ፀጉሩ የነጣ ሽማግሌ፣ ከአገሩ ድረስ መጥቶ ነበር። ተነስቶ ተናገረ፤ አስተርጓሚውም እንዲህ ሲል ተረጎመው።

«አባታቸው እዚህ አልሞቱም ነው የሚሉት። አገራቸው ገብተው፣ አርጅተው፣ አልጋቸው ላይ ነው ያረፉት። እናንተ ፊቱ አልለይ ቢላችሁ በካፖርቱ ገምታችሁ የቀበራችሁት፣ ብርድ ሲያንቀጠቅጠው አዛዡ ካፖርታቸውን ያለበሱትን መንገድ መሪያቸውን ነው።»

ሊቀመንበሩ አበባውን እንደታቀፈ ቀረ። ሴትዮዋ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ለበሰችና ከሰዉ መሃል ወደቆሙት ቄስ ዞረች።

«አባ፣» አለች፣ «አባቴ ፈረንጅ ነው ተብሎ፣ ይኸው ሃምሳ ዓመት ያለ ፍትሐት ተኝቷል!»