ገና እንቡጥ ነው

ልጇ ሲደውል ኦርኪዱ ፊት ለፊት ተቀምጣ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ቅጠል ብቻ ሆኖ የከረመው ተክል ዛሬ ጠዋት እግዚአብሔር ብሎለት አብቦ፣ መዓዛው ቤቱን እስከ በሩ ድረስ ሞልቶት ነበር። "ያበበ ቀን መጥቼ አሸተዋለሁ" ብሏት ነበር ልጇ።

"እማዬ፣ ያ የምታሞላቅቂው ልጅሽ እንዴት ነው?" ብሎ ስለ ተክሉ ጠየቃትና ሳቀ።

"ካንተ ይሻላል፤ ከቤት አይጠፋም።"

"በናትሽ፣ ሥራ አናቴ ላይ ወጥቶ ነው። ካበበ በቪዲዮ አሳዪኝና ልየው፤ እዚያ ድረስ ከምመላለስ።"

ስልኩን ወደ አበባው አዞረች። ጣቷ የቪዲዮው ምልክት ላይ ደርሶ ቆመ። አንዴ አበባውን ካየ በኋላ ልጇን ምን ብላ ወደ ቤት ትጠራዋለች?

"ኧረ አላበበም" አለችው። "ገና እንቡጥ ነው።"

"እሺ በቃ፣ ሲያብብ ንገሪኝ። እመጣለሁ።"

ስልኩ ሲዘጋ "ይቅር በለኝ ጌታዬ" አለች ቀስ ብላ። ኦርኪድ ቀዝቀዝ ያለ ቤት ውስጥ አበባው ቶሎ አይረግፍም። ማሞቂያውን አጠፋች፤ መስኮቱን ከፈተች፤ ብርድ ልብሷን ተከናንባ አጠገቡ ተቀመጠች።