ልክ ማስገቢያ

ደባልቄ የፋብሪካ ዕቃ ዲዛይነር ነው። ድሮ የኩባያ ጆሮ የሚስለው የሰው እጅ ለክቶ ነበር። ኋላ ግን የፋብሪካ ሻጋታ ከመቀየር የሰው እጅ መቀየር ይቀላል ተባለና፣ አገሩ በሙሉ እሱ በሳለው አንድ ኩባያ መጠጣት ጀመረ፤ እጁ አልገጥም ያለ ሰው «ልክ ማስገቢያ» ወደሚባለው ክሊኒክ ይወሰዳል።

ዛሬ ልጁ ውባለም ከዚያ ተመለሰች። አምና ለግራ እጇ ብሎ በሠራላት ኩባያ ሻይ ቀድቶ ሰጣት። ጣቶቿ ጆሮው ውስጥ አልገባ አሉ።

«አባዬ፣ ይሄ ኩባያ ልክ አይደለም።»

«እስከ ትናንት ልክ ነበር፣ የኔ እናት» አለና እጇን ያዘ።

ጣቶቿ መዳፉን አልጨበጡም። እሱ ለአገሩ በሳለው ጆሮ ልክ እንደተቆለመሙ ቀሩ።