ዱላ የለመደው ማሽን

ልብስ ማጠቢያ ማሽኑ እንደ ትዳራቸው አርጅቷል። ሚስት "ይውጣልኝ፣ አዲስ እንግዛ" ትላለች፤ ባል ደግሞ "ይጠገናል" ብሎ ድርቅ ይላል። ማሽኑ በቆመ ቁጥር ጎኑን እርግጫ ሲያቀምሰው እያቃሰተ ይነሳል።

"ዱላ የለመደ አህያ ነው፤ ካልመቱት አይሄድም" ይላል እየሳቀ። ቆርቆሮው የጫማውን ቅርጽ ይዞ ጎድጉዷል።

ዛሬ ግን እርግጫውም አልሠራ አለ። ጠጋኝ ተጠራ። ሚስትየው "ኤሌክትሪክ እንዳይይዝህ" ብላ ሶኬቱን ነቀለችለት። ጠጋኙ ተንበርክኮ ክንዱን እስከ ትከሻው ልብሱ በሚሽከረከርበት በርሜል ውስጥ ከተተና ደባበሰ።

"እትዬ፣ ይሄስ አብቅቶለታል። አዲስ ግዙ።"

"ምን ያበቃለታል! መድኃኒቱ እኔ ጋ ነው" አለ ባል፤ ማንም ሳይከለክለው ማሽኑን በእርግጫ አላጋው።

በርሜሉ ዞረ። የጠጋኙ ክንድ ቀጭ ሲል ሁሉም ሰሙት። ጩኸቱ ቤቱን አናጋው፤ ደሙ ግድግዳው ላይ ተረጨ። ባልየው የሚያስቆመው መስሎት ደጋግሞ ረገጠው፤ በረገጠው ቁጥር በርሜሉ እየፈጠነ ሄደ።

"ሶኬቱን! ምን ትገተሪያለሽ፣ ሶኬቱን ንቀይው!" ብሎ ባልየው ጮኸባት።

ሚስትየው እጇን ዘረጋችለት፤ ገመዱ ከነሶኬቱ መዳፏ ላይ ነበር።