ክር በጥርስ

«ጥርሷን የሰበረላት ወንድሟ ነው» ትላለች ራዲዮ ስለ እኔ፤ ለዛሬ ስንተኛዋ እንደሆነ እንጃ። የልብስ ቁልፍ ሰፊ ናት፤ ራዲዮ ያልናት ማጥፊያ ስለሌላት ነው። አሁን ደግሞ የስፌት ቤቱን ባለቤት፣ እትዬን፣ ጥግ አስይዛቸዋለች። የማልሰማት መስሏት አይደለም፤ እንድሰማላት ነው።

አልመልስላትም። ቬሎው ጭኔ ላይ ነው፤ የቀረው በእጅ የሚሰፋው ጠርዙ ብቻ ነው። ከመጀመሪያው መርፌ ጀምሮ የእኔ ሥራ ነው። ነገ ሙሽራዋ ስትለካው እትዬ «የሰፋችው ይቺ ናት» ብለው ሊያሳዩኝ ቃል ገብተዋል። አፌን ገጥሜ በአፍንጫዬ እተነፍሳለሁ። የተጠገነውን የፊት ጥርሴን ነፋስ ካገኘው እስከ ዓይኔ ድረስ ይነዝረኛል። ሐኪሙ «እስኪለምድ ቀዝቃዛ አታስነኪው» ብሎኛል። ይህንንም ራዲዮ ሰምታለች።

«ውሃ ጠጪ እንጂ፣ የኔ እህት፤ ከንፈርሽ ደርቋል» ብላ ከማቀዝቀዣው ያወጣችውን ጠርሙስ ታቀብለኛለች። ጠርሙሱ አልቦታል።

ተቀብዬ እጠጣለሁ። ጥርሴን በምላሴ ከልዬ፣ ውሃውን በጉንጬ በኩል አሳልፌ፣ ዓይን ዓይኗን እያየሁ። ግማሽ ሲደርስ እመልስላታለሁ።

«የቀረውን አንቺ ጠጪው። ስታወሪ ውለሽ ያንቺ ነው የደረቀው።»

እትዬ አይስቁም። ወደ ካውያው ጠረጴዛ ይዞራሉ። ወንድሜ እዚያ ቆሞ ሱሪ ይተኩሳል። ከተኮራረፍን ከርመናል፤ እዚሁ አንድ ክፍል ውስጥ እየዋልን እንኳን ደህና አደርሽ አይለኝም። እኔም አልናፈቀኝም።

«ሴት ላይ እጁን የሚያነሳ ሰው እኔ ቤት አይሠራም» ይሉታል። «ካውያውን ንቀልና ውጣ።»

ይነቅለዋል። አንገቱን ሳይደፋ ገመዱን ይጠቀልላል። ኩራት እንደሆነ ከአንድ እናት ነው የወረስነው። እኔን ብቻ ያየኛል።

ጥርሴን የሸረፈው ክር ነው። ናይለን ክር፤ የዚሁ ቬሎ ደረት ላይ፣ መቀስ ለማንሳት ሰንፌ በጥርሴ ስበጥሰው። እዚህ ቤት ክር በጥርስ አይበጠስም። አንዴ የከንፈር ቀለም ነጭ ሐር ላይ አርፎ ደንበኛዋ ቤቱን ቀውጢ አድርጋዋለች፤ ከዚያ ወዲህ በጥርሷ የበጠሰች ነጭ ጨርቅ አትነካም። ሕጉ ግድግዳ ላይ ባይጻፍም እትዬ ግንባር ላይ ተጽፏል።

«እሱ አይደለም፣ እትዬ» እላለሁ። ነፋሱ ይገባል፤ ይነዝረኛል። «እኔው ነኝ። ክር በጥርሴ ስበጥስ።»

«ምኑ ላይ?»

«እዚሁ ላይ።»

ቬሎውን ከጭኔ ላይ ያነሱታል፤ ሕፃን ከእሳት ዳር እንደሚነሳ። ለራዲዮ ይሰጧታል። ራዲዮ የክሩን ጫፍ አፏ ውስጥ ከትታ በምራቋ ታሾለውና በመርፌዬ ቀዳዳ ታስገባዋለች። ማንም ምንም አይላትም።

«አንተ ወደ ሥራህ» ይላሉ እትዬ።

ወንድሜ ግን ጃኬቱን ከሚስማሩ ላይ አውርዶ እየለበሰ ነው። አጠገቤ ሲደርስ ቆም ይላል።

«ማን ጠበቃዬ ሁኚ አለሽ?» ይለኛል፤ ከኩርፊያችን ወዲህ የመጀመሪያ ቃሉ ነው። «ሌላ ቤት ሥራ ይዣለሁ፤ ነገ እጀምራለሁ። ዛሬ የመጣሁት የጀመርኩትን ጨርሼ ልሰናበት ነበር።»

በሩን ሳይዘጋው ይወጣል። ብርዱ ቀጥ ብሎ ይገባል። አፌን አልገጠምኩም።